አንጀት ሲጠማዘዝ

የዛሬው ርዕሳችን በአገራችን፣ በተለይ በገጠር፣ ዕድሜያቸው ገፋ ባሉ ወንዶች ላይ የሚታየው የአንጀት መጠማዘዝ ነው።

ከፊንጢጣ በላይ ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል ሲግሞይድ ይባላል። በአንዳንድ ሰዎች ከልክ በላይ ረጅም ሲሆን የተያያዘበት ሥር ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ እንደ ገመድ በራሱ ላይ ሊዞር ይችላል። ያን ጊዜ ሰገራና አየር ማለፊያ ያጣሉ፤ የደም ሥሮቹም ይታነቃሉ። ደም ያጣ አንጀት ይሞታል፤ ሲበሳም ሰገራው ሆድ ውስጥ ይፈስሳል።

ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ይቆርጣል፤ ሰገራ ብቻ ሳይሆን አየርም አይወጣም። ማስመለስ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። በአረጋውያን ላይ ትኩሳት ላይኖር፣ ሕመሙም ቀለል ብሎ ሊታይ ይችላል። አባቶቻችን «ትንሽ ነፍቶኝ ነው» ይላሉ። በረመዷን ደግሞ «የፆም ድርቀት ነው» ተብሎ እስከ ኢፍጣር ይጠበቃል። ሸሪዓው ለበሽተኛ ማፍጠርን ፈቅዷል፤ ሲድን ቀዷ ያወጣል። ስለዚህ መግሪብን መጠበቅ አያስፈልግም።

ሆዱን አትሹት፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አትስጡት። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብና መጠጥ ሳይሰጠው በፍጥነት ሆስፒታል ይድረስ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ በተለይ የስኳርና የደም ማቅጠኛ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ሐኪሙ በራጅ ይለየዋል። አንጀቱ ካልሞተ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገብቶ ሊፈታው ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል፤ ሆዱ ስለጎደለ «ዳነ» ብሎ ይዞት ይወጣል። ነገር ግን ተመልሶ የመጠማዘዝ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ አቅሙ ከፈቀደ ያን ክፍል በቀጠሮ ቆርጦ ማውጣት ይመከራል።

አንጀቱ ከሞተ ግን ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ልጆቹ ከጅዳ እስኪደውሉ ፊርማ ማዘግየት አደጋ ነው። «ሽማግሌ ናቸው፣ አይችሉትም» የሚባለውንም ሐኪሙ ይመዝነው እንጂ እኛ አንወስነው።

አንዳንድ ጊዜ የሞተው ክፍል ከወጣ በኋላ ጤነኛው ጫፍ ወደ ሆድ ግድግዳ ይወጣና ሰገራው በከረጢት ይጠራቀማል። ይህን አሠራር ፈረንሳዊው ሐኪም ሃርትማን በ1921 እ.ኤ.አ. አስተዋውቆታል። ለብዙዎች በኋላ ሊመለስ ይችላል። «ሶላቴስ?» የሚለው ጭንቀት ሕክምናውን እስከ መሸሽ ያደርሳል። መውጫውን መቆጣጠር ስለማይቻል ብዙ የፊቅህ ሊቃውንት ሽንቱ እንደሚያመልጠው ሰው ይቆጥሩታል። ከረጢቱን ባዶ አድርጎ፣ ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ በሶላት መሐል ቢወጣበትም ሶላቱን ይቀጥላል።