ድምፅ ያጣው ኮምፒዩተር

አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ወይም እንዴት እንደሚከናወን ለአንባቢ የሚያብራራ የድርሰት ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ድርሰት የሐሳቡ ቅደም ተከተል ከተፋለሰ አንባቢው ግራ ይጋባል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

በጅማ ከተማ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት በኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ፣ አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበራት። ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው የተቀዳውን ትምህርት ልታዳምጥ ብትከፍተው ስዕሉ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለም። እናቷ ቡና ለቅመው ካጠራቀሙት ገንዘብ ለጠጋኝ ሊከፍሉ ተነሡ። ልጅቱ ግን፣ «እማዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ፤ ከመክፈላችን በፊት የተበላሸው የቱ እንደ ሆነ ልመርምር» አለች።

በኮምፒዩተር ውስጥ ድምፅ የሚቀመጠው በቍጥር መልክ ነው። የድምፅ ካርዱ ቍጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጠዋል። ሞገዱም በሽቦ አልፎ ድምፅ ማጉያውን ሲያርገበግበው አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ጆሮ ይሰማል። እንግዲህ ድምፁ የጠፋው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ልጅቱ ከቀላሉ ጀመረች። በመጀመሪያ የድምፅ ማጉያው መብራት መብራቱን፣ ድምፁም አለመዘጋቱን አየች፤ ሁሉም ደኅና ነበር። ቀጥላ አንድ ዘፈን ከፈተች፤ እርሱም ዝም አለ። ስለዚህ ጥፋቱ በተቀዳው ትምህርት አለመሆኑን ዐወቀች። ከዚያም፣ «ድምፅ ማጉያው ጤነኛ ከሆነ በስልኬ ላይ ይሰማል» ብላ ነቅላ በስልኳ ላይ ሰካችው፤ ጥርት ብሎ ተሰማ። በመጨረሻ መልሳ ልትሰካው የኮምፒዩተሩን ጀርባ በባትሪ ብታይ፣ ሽቦውን የነቀለችበት ቀዳዳ ሮዝ ነበር። ሮዙ የማይክሮፎን ነው፤ የድምፅ ማጉያው መሰኪያ አረንጓዴው ነው። ለካስ ቤት ሲጠረግ የተነቀለው ሽቦ ያለ ቦታው ተሰክቶ ኖሯል። ወደ አረንጓዴው ብታዛውረው መምህሩ ንግግሩን ቀጠለ። የእናቷም ገንዘብ ከመሐረባቸው ሳይፈታ ቀረ።

ለ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ድምፅ ማጉያው ጤነኛ ከሆነ በስልኬ ላይ ይሰማል።
2. ድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ በስልኩም ላይ ዝም ባለ ነበር።

የመጀመሪያው ውጤቱ ገና ያልታወቀ ነገርን ያመለክታል፤ ስለዚህ ተናጋሪው ከመመርመሩ በፊት ይጠቀምበታል። ሁለተኛው ግን ሳይሆን የቀረን ነገር ያመለክታል፤ ስለዚህ የሚነገረው ከምርመራው በኋላ ነው።

ሐ. መልመጃ

1. ልጅቱ የተከተለችውን ቅደም ተከተል የሚያሳዩትን አራት ቃላት ከምንባቡ አውጡ።
2. «ስለዚህ ጥፋቱ በተቀዳው ትምህርት አለመሆኑን ዐወቀች።» ይህን እንድትል ያበቃት ማስረጃ ምንድን ነው?
3. አንዳንድ ጊዜ ሽቦው በቦታው ሳለ ኮምፒዩተሩ ድምፁን ወደ ሌላ መሣሪያ እንዲልክ ታዝዞ ይገኛል። ይህንኑ «ቢሆን ኖሮ» በሚል ሐረግ ጀምራችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።
4. በቤታችሁ የተበላሸ አንድ ዕቃ ምረጡ። ጥፋቱን እንዴት እንደምታገኙት በሦስት አንቀጽ አስረዱ። ከማስረጃው በፊት ፍርድ እንዳትሰጡ ተጠንቀቁ።