ትንሽ ልጅን ለኤምአርአይ ማዘጋጀት

ኤምአርአይ አያምም። እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ጨረርም አይጠቀምም፤ የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው። ትንሽ ልጅን የሚፈትነው ሌላ ነው፦ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ገብቶ፣ ጆሮ በሚያደነቁር ጩኸት መሀል፣ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መተኛት። ብዙ አዋቂዎችም በጭንቅ ነው የሚወጡት። ልጁ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ሐኪሙም የፈለገውን ማየት አይችልም። ደግነቱ ማሽኑን፣ ድምፁንና አተኛኘቱን ቀድሞ የተዋወቀ ልጅ ብዙ ጊዜ ያለ ማደንዘዣ ይጨርሳል። ይህ ትውውቅ ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ያለ ምንም ወጪ ሊጀመር ይችላል።

ዳግ ዲትዝ ለጂኢ ኩባንያ የሕክምና መሣሪያዎችን ይነድፍ የነበረ አሜሪካዊ ባለሙያ ነው። የነደፈው ኤምአርአይ ሲሠራ ለማየት ወደ አንድ ሆስፒታል ሄዶ ሳለ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ በወላጆቿ እጅ ተይዛ እያለቀሰች ስትገባ አየ። በዚያ ሆስፒታል ከሕፃናት ታካሚዎች እስከ 80 በመቶ ለሚሆኑት የሚያስተኛ መድኃኒት እንደሚሰጥም ሰማ። ይህ እረፍት ነሳው። ከባልደረቦቹና ከሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የማሽኑን አሠራር ሳይነካ ክፍሉን ለወጠው። በፒትስበርግ የሕፃናት ሆስፒታል ግድግዳው፣ ወለሉና ማሽኑ ራሱ የባሕር ላይ መርከብና ሌሎች የጀብዱ ቦታዎች ሥዕል ተቀባ፤ ሠራተኞቹም ልጆቹን በጉዞ ታሪክ እየመሩ ማስገባት ጀመሩ። ማግኔቱም ጩኸቱም ያው ነበር፤ የሚያስተኛ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ልጆች ቁጥር ግን በእጅጉ ቀነሰ።

አዲስ አበባ ውስጥ ኤምአርአይ የታዘዘለት ልጅ እንዲህ ያለ ሥዕል የሞላበት ክፍል ላይጠብቀው ይችላል። ታሪኩን ግን ወላጆቹ ቤታቸው ሊጀምሩለት ይችላሉ።

ቀጠሮ ሲያዝ

የመጀመሪያው ሥራ መጠየቅ ነው። የሚነሳው የትኛው የሰውነት ክፍል ነው? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ምስሉን የሚያጎላ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ኮንትራስት የሚባል መድኃኒት አለው? እናት ወይም አባት አብረው መግባት ይችላሉ? ልጁ ነቅቶ ነው የሚነሳው ወይስ በማደንዘዣ ተኝቶ? ጉልበቱን ለሚነሳ ልጅ ጭንቅላቱ ከቱቦው ውጭ ሊቀር ይችላል። ጭንቅላቱን ለሚነሳ ልጅ ግን ፊቱ ላይ የራስ ቁር የሚመስል ፕላስቲክ ይደረጋል። ልምምዱ የሚወሰነው በእነዚህ መልሶች ነው።

ዕድሜም ብዙ ይወስናል። የጥቂት ሳምንታት ጨቅላ ጠግቦ ጠብቶ፣ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ በራሱ እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። ታላላቅ የሕፃናት ሆስፒታሎች ይህን ዘዴ ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ከዚያ በኋላ እስከ አራትና አምስት ዓመት ያሉት አብዛኞቹ ማደንዘዣ ያስፈልጋቸዋል። ከአምስት ዓመት በላይ ያሉት ደግሞ በደንብ ከተዘጋጁ ብዙዎቹ ነቅተው ሊሞክሩት ይችላሉ። የልጁን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቀው ወላጅ ነውና፣ «የኔ ልጅ አምስት ደቂቃ እንኳ አይቀመጥም» ወይም «ኦቲዝም አለው፣ ድምፅ ይረብሸዋል» ብሎ አስቀድሞ መናገር ይገባዋል። እያንዳንዱ የምርመራ ማዕከል ልጆችን የሚያስተኛ የማደንዘዣ ባለሙያ ላይኖረው ስለሚችል ይህም ከቀጠሮው በፊት መጣራት አለበት።

ሳይጠየቅም መነገር ያለበት ነገር አለ። ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ የሚያወርድ ቱቦ ተተክሎለት ከሆነ፣ የጆሮ ወይም የልብ መሣሪያ ካለው፣ አጥንቱ በብረት ተጠግኖ ከሆነ፣ ወይም ሳንቲምና ባትሪ ውጦ የሚያውቅ ከሆነ ባለሙያዎቹ ቀድመው መስማት አለባቸው። አንዳንዱ የጭንቅላት ቱቦ በማግኔቱ ምክንያት ልኩ ሊዛነፍ ስለሚችል ከምርመራው በኋላ እንደገና ይስተካከላል።

አሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች ቀጠሮ ሲይዙ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለባቸው። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ታላቅ እህት ስለ ማደንዘዣ አደጋ እንድታስተረጉም ማድረግ ለእሷም ለታናሿም ከባድ ሸክም ነው።

ለልጁ መንገር

ብዙ ቤት ውስጥ «ዝም ካላልክ ዶክተሩን ጠርቼ መርፌ አስወጋሃለሁ!» ይባላል። በክፋት የሚለው የለም፤ ልጁን ለማስታገስ ነው። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ ግን ነጭ ጋውን ሲያይ ቅጣት መጣ ብሎ ነው የሚያስበው። የኤምአርአይ ቀጠሮ ያለበት ቤት ከሁሉ በፊት ይህን ማስፈራሪያ መተው አለበት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውም አብሮ ይቅር፤ ማልቀስ የተፈቀደለት ልጅ ቶሎ ይረጋጋል።

መቼ ይነገረው? ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጅ ዋዜማው ይበቃል። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥቂት ቀናት ያስፈልጋሉ፤ ከፍ ላለው አንድ ሳምንት። ንግግሩ አጭርና እውነተኛ ይሁን፦ «ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ፎቶ የሚያነሳ ትልቅ ማሽን አለ። ሲያነሳ በጣም ይጮኻል፣ አንቺን ግን አይነካሽም። ስትንቀሳቀሺ ፎቶው ይበላሻል፤ ሳትነቃነቂ ከተኛሽ ቶሎ ያልቃል።»

መርፌ ካለ «ምንም የለም» ማለት አይገባም። «እጅሽን ትንሽ ይቆነጥጥሻል፣ እስከ አምስት ስንቆጥር ያልፋል» የተባለች ልጅ መርፌው ሲያልፍ የተነገራት እውነት እንደሆነ ታያለች፤ ቀጥሎ የሚነገራትንም ታምናለች። «አይወጉሽም» ተብላ የተወጋች ልጅ ግን የቱቦው ደጃፍ ላይ ማንንም አታምንም። ማደንዘዣ የሚሰጣት ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ማታ ከምትተኛው የተለየ የመድኃኒት እንቅልፍ መሆኑ፣ ሲጨረስም እንደምትነቃ ይነገራት። «ስትነቂ አጠገብሽ ነኝ» የሚለው ቃል የሚሰጠው ሆስፒታሉ ከፈቀደ ብቻ ነው።

ልምምዱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የምግብ ጠረጴዛ ሥር ብርድ ልብስ ይነጠፋል፣ ጠረጴዛው ላይ ጋቢ ተጥሎ ጎንና ጎኑ ይሸፈናል። ትልቅ የቴሌቪዥን ካርቶን ከተገኘም ይሆናል። መጀመሪያ የሚገባው አሻንጉሊት ነው፤ ልጁ ሐኪም ሆኖ አሻንጉሊቱን «እንዳትንቀሳቀስ» ይለዋል። ከዚያ ተራው የእሱ ነው። በጀርባው ይተኛል፣ ጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በተጠቀለለ ፎጣ ይያዛል፣ ፊቱ ላይ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ለአፍታ ይደፋል። በቀዳዳው ውስጥ ሲያይ እናቱ ፈገግ ብላ ትታየው። ጭንቅላት ሲነሳ የሚደረገው ፕላስቲክ በመጀመሪያ ሲታይ ብዙ ልጆችን ስለሚያስደነግጥ፣ ቅርጫቷን ብዙ ጊዜ መድገም ዋጋ አለው።

ቀጥሎ ድምፁ። ማሽኑ የሚጮኸው ውስጡ ያሉት የሽቦ ጥቅልሎች ኤሌክትሪክ በፍጥነት ሲመላለስባቸው ስለሚንቀጠቀጡ ነው። አንዴ እንደ ከበሮ ይመታል፣ አንዴ ይንጫረራል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ደግሞ በሌላ ድምፅ ይጀምራል። ዝምታው ማለቁን አያመለክትም፤ ይህን ያልተነገረው ልጅ «አለቀ!» ብሎ ይነሳል። የተቀረጸው ድምፅ ዩቲዩብ ላይ በቀላሉ ይገኛል። መጀመሪያ በጣም ቀንሶ፣ በየቀኑ ትንሽ ከፍ እያደረጉ ልጁ ጠረጴዛው ሥር ሳለ ማሰማት ነው። ልጁ ለእያንዳንዱ ድምፅ ስም ቢያወጣለት፣ «ይሄ ባጃጅ ነው፣ ይሄ ደግሞ ግንበኛ» ቢል፣ በምርመራው ቀን የሚያውቀውን ይሰማል።

ሦስተኛው አለመንቀሳቀስ ነው። ቀላል የላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ክዳን የልጁ ግንባር ላይ ይቀመጥና እንዳይወድቅ ይጫወታሉ። አንድ ደቂቃ ከቻለ ይጨበጨብለታል፤ በማግስቱ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። አንድ ሰዓት ሙሉ መለማመድ አያስፈልግም፤ ምርመራው ራሱ በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃዎች ተከፋፍሎ፣ በመሀል እረፍት እያለው ነው የሚካሄደው። መተንፈስ፣ ዓይን ማርገብገብና ምራቅ መዋጥ እንደሚፈቀድ ይነገረው። ይህን ያልሰሙ ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ይጨነቃሉ።

የመጫወቻ ኩባንያው ሌጎም በዚህ መንገድ ገብቶበታል። አንድ የኩባንያው ሠራተኛ ዴንማርክ ውስጥ ለሚገኝ ሆስፒታል በሌጎ ብሎኬት ትንሽ ኤምአርአይ ሠርቶ ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የሌጎ ፋውንዴሽን መሰል 600 ሞዴሎችን በዓለም ዙሪያ ለሚገኙ ሆስፒታሎች እንደሚለግስ አስታወቀ። ልጆቹ ትንሹን አልጋ በእጃቸው እያስገቡና እያስወጡ ይለማመዳሉ። ሌጎ በሌለበት የክብሪት ቀፎና በክብ የተጠቀለለ ካርቶን ያንኑ ያህል ይሠራል።

ዋዜማና ጠዋት

ማግኔቱ ሌሊትም ቀንም አይጠፋም። በ2001 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ወደ ክፍሉ የገባ የብረት የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ ልጁን ገድሎታል። ሠራተኞቹ በር ላይ ደጋግመው «ብረት አለ?» የሚሉት ለዚህ ነውና መልሱ በጥንቃቄ ይሰጥ። ጉትቻ፣ አልቦ፣ የፀጉር ጌጥና ጨሌ፣ ሹሩባ ውስጥ የተሰካ መርፌ ቁልፍ፣ የብረት ቁልፍና ዚፕ ያለው ልብስ በዋዜማው ቤት ይቅር። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ጥበብና በብር ክር የተሠራ የስፖርት ልብስ ሊግልና ቆዳ ሊያቃጥል ስለሚችል ተራ የጥጥ ልብስ ይሻላል።

ማተብ የሚያስር ልጅ መስቀሉ የብር ከሆነ በር ላይ በችኮላ ሲፈታበት ሊከፋው ይችላል። ማታ በእርጋታ መስቀሉን አውጥቶ ክሩን መተው፣ ወይም በእንጨት መስቀል መተካት ይቻላል፤ ሲገቡም ለባለሙያው ማሳየት። ክታብም በብረት የተለበጠ ከሆነ እንዲሁ ነው።

ማደንዘዣ ካለ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። የተለመደው ስሌት ምግብና የላም ወይም የዱቄት ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ማቆም ነው፤ ሆስፒታሉ የሰጠው ሰዓት ከተለየ ግን የሚከበረው እሱ ነው። ምክንያቱ ለቤቱ ሰው ሁሉ ይነገር፤ አያት «ልጄ ራበው» ብላ የምታቀምሰው አንድ ጉርሻ ዳቦ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ልጁ ሳል ወይም ትኩሳት ከጀመረው ከመሄድ በፊት መደወል ያስፈልጋል። ነቅቶ የሚነሳ ልጅ ግን ቀለል ያለ ቁርስ በልቶ፣ ልክ ከመግባቱ በፊት ሽንቱን ሸንቶ ይግባ።

ክፍሉ ውስጥ

ጆሮው ይደፈናል፣ ሄድፎን ይደረግለታል፣ እጁ ላይ ሲጨመቅ ሠራተኞቹን የሚጠራ ኳስ ይሰጠዋል። ኳሷን አንድ ጊዜ ጨምቆ መልስ ሲያገኝ ብቻውን እንዳልሆነ ያምናል። አብሮ የሚገባው ወላጅም ስልክ፣ ቁልፍ፣ ባንክ ካርድና ጌጥ አውጥቶ፣ ጆሮውን ደፍኖ ነው። እናቲቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች አስቀድማ ትናገር፤ አባት ወይም አክስት ቢገባ ይመረጣል።

ወላጁ ከልጁ እግር በኩል ቆሞ ቁርጭምጭሚቱን ይያዝ። ማሽኑ እየጮኸ ሲናገሩት ልጁ ለመስማት ዞር ስለሚል፣ ንግግሩ ለእረፍቱ ጊዜ ይቆይ። ቤት ውስጥ የተስማሙበት ምልክት እዚህ ይጠቅማል፦ እግሩን አንዴ መታ ማድረግ «ጀመረ»፣ ሁለቴ «አለቀ»። ባለሙያው በማይክሮፎን የሚናገረው ልጁ በማይሰማው ቋንቋ ከሆነ ይህ ምልክት ዋና መገናኛ ይሆናል።

ልጁ ካለቀሰ ይውጣ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ይታቀፍ፣ ከፈለገ እንደገና ይሞክር። በጉልበት ይዞ ማስገባት የደበዘዘ ምስልና ለሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ፍርሃት ነው የሚያተርፈው። ካልሆነ በማደንዘዣ ሌላ ቀጠሮ ይያዛል፤ ለዚህ ልጁን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ከወጡ በኋላ

ማደንዘዣ የወሰደ ልጅ መጀመሪያ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው፤ ካላስመለሰው ምግብ ይከተላል። የዚያን ቀን እግሩ ሊደናቀፍ ስለሚችል ደረጃና ብስክሌት ይቅርበት። ቤት ሲሄዱ ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው ጎኑ ተቀምጦ ጭንቅላቱ እንዳይደፋ ይጠብቀው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ትንፋሹ ከከበደው ወዲያው ወደ ሕክምና ይመለሳል።

ምስሉን የሚያነብበው የራዲዮሎጂ ሐኪም ነው፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ውጤት እንዲናገር አይጠበቅም፣ ዝምታውም ክፉ ዜና ማለት አይደለም። ወላጆች የምስሉን ሲዲና የጽሑፍ ሪፖርቱን ወስደው ያስቀምጡ። የሚጥል በሽታ ወይም የጭንቅላት እጢ ክትትል ያላቸው ልጆች በየጊዜው ስለሚነሱ፣ የትኛው ዘፈን እንዳረጋጋው፣ ስንት ደቂቃ እንደቻለና የቱ ጋ እንደደነገጠ በዚያው ቀን ተጽፎ ከሲዲው ጋር ይያዝ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለነርሷና ለቴክኖሎጂስቱ የሚሰጠው ያ ወረቀት ነው።