የግል ኮሌጅ ወይስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ? ሒሳቡን እስከ ዲግሪው ድረስ አውጡት

ልጁ የማለፊያ ነጥብ አምጥቶ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ፣ ብዙ ቤተሰብ «እዚሁ ሰፈር ያለው ኮሌጅ በወር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የወር ክፍያ ብቻውን ያሳስታል። ልጁም ባለበት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

መጀመሪያ የግሉን አስሉ። ሬጅስትራር ሄዳችሁ የምዝገባውን፣ የዘገየ ክፍያ ቅጣቱን፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የጋዎን ክፍያውን ሁሉ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን በየዓመቱ ስንት እንደሚጨምሩ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ለምሳሌ ወርሃዊው ክፍያ 3,000 ብር ቢሆን፣ በዓመት 10 ወር ቢከፈልና በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምር፣ የአራት ዓመቱ 120,000 ሳይሆን 139,230 ብር ይሆናል። በቀን 60 ብር የታክሲና 100 ብር የምሳ ጨምሩበት። በወር 22 ቀን ቢማር ይህ ብቻ በአራት ዓመት 140,800 ብር ነው። ድምሩ 280,030 ብር ደረሰ፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ማንም ያላሰበው የታክሲና የምሳ ወጪ ነው።

ቀጥሎ የመንግሥቱን። «ነፃ ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ሊከፍል ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ከዚህ ሌላ የአውቶቡስ፣ የብርድ ልብስ፣ የኮፒ፣ ግቢ ሲገባ በየወሩ የሚላክለት የኪስ ገንዘብ አለ። ቢሆንም የውሉ ዕዳ የሚመጣው ልጁ ገቢ ሲኖረው ነው፤ የኮሌጁ ክፍያ ግን ዛሬ ከወላጅ ኪስ ይወጣል። ታናናሾች ላሉበት ቤት ይህ ልዩነት ከጠቅላላ ድምሩ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱን አረጋግጡ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አይታችሁ አትመለሱ፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ።

አራተኛው የመውጫ ፈተና ነው፤ እኔ ከገንዘቡም አስቀድመዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶ ያላመጣ ተማሪ ዲግሪ አያገኝም። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ከ10 ስድስት ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ከ10 ሁለት እንኳ አልሞሉም። በጥሩ ሁኔታ የሚያሳልፉ የግል ኮሌጆች አሉ፤ ስለዚህ በአማካይ አትፍረዱ። «ባለፈው ዓመት ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን የሚደብቅ ኮሌጅ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።

የግሉ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ልጁ ቀን እየሠራ ማታ የሚማር ከሆነ ደመወዙን ከወጪው ቀንሱለት። የምደባው አካባቢ ሰላም ካሳሰባችሁም ለደኅንነቱ መክፈል ብክነት አይደለም። ሌላው ተመዛዝኖ እኩል ከሆነ ግን እኔ ወደ መንግሥቱ አደላለሁ።

የግሉን ከመረጣችሁ የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ አትክፈሉ፤ በየሴሚስተሩ ክፈሉ። ቢያቋርጥ ወይም ቢዛወር ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ከመመዝገባችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ፤ ደረሰኙንም እስኪመረቅ አስቀምጡ።