የቻታም ደሴቶች ጥቍር ወፍ

ከኒውዚላንድ በስተ ምሥራቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በውቅያኖስ ውስጥ ቻታም የሚባሉ ደሴቶች ይገኛሉ። በእነዚህ ደሴቶች እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል የማትገኝ፤ መላ አካሏ ጥቍር የሆነ አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ አለች። የእርስዋን ታሪክ ለመጽሔታችን የመረጥሁት፤ ሰው ያጠፋውን መልሶ ለማዳን ሲደክም ምን እንደሚገጥመው ስላስተማረኝ ነው።

ሰፋሪዎች ወደ ደሴቶቹ ሲመጡ ድመትና አይጥ አብረዋቸው ገቡ። ወፊቱም ከየስፍራው ጠፍታ፤ ትንሿ ማንጌሬ በምትባል ገደላማ ደሴት ላይ ብቻ ቀረች። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. የተገኙት 7 ብቻ ስለ ነበሩ፤ ዶን መርተንና ጓደኞቹ አጠገቧ ወዳለችው ወደ ማንጌሬ ደሴት አዛወሩአቸው። ነገር ግን በ1980 ዓ.ም. ቍጥራቸው ወደ 5 ወረደ። ከእነዚህም ዘር ለመተካት የበቃችው ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ በእግሯ ከታሰረው ቀለበት የተነሣ «አሮጊቷ ሰማያዊ» ይሏት ነበር።

ይህች ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ኹለት እንቍላል ትጥላለች፤ ቢወሰድባት ግን እንደ ገና ጎጆ ሠርታ ትጥላለች። ስለዚህ ሰዎቹ እንቍላሎቿን እየወሰዱ ለሌላ ዓይነት ወፍ አሳቀፉ። የመጀመሪያዋ ሞግዚት ጫጩቶቹን በደንብ መመገብ አልቻለችም። ቀጥሎ የተሞከረችው ቲት የምትባለው ወፍ ግን አሳደገቻቸው። እዚህ ላይ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ነገር ተከተለ፤ በቲት ጎጆ ያደጉት ጥቍር ወፎች የቲትን ዜማ ይዘምሩ፤ የትዳር ጓደኛም ከቲቶች መካከል ይፈልጉ ጀመር! ስለዚህ ጫጩቶቹን መብረር ሳይጀምሩ ወደ ወገኖቻቸው ጎጆ መመለስ ግድ ሆነ።

በዚህ ዓይነት ድካም በ1989 ዓ.ም. ቍጥራቸው ከ100 በላይ ደረሰ፤ ሁሉም የአሮጊቷ ሰማያዊና የባልዋ ዘሮች ናቸው።

ዳሩ ግን አንዳንዶቹ ሴቶች እንቍላላቸውን ከጎጆው ውስጥ በመጣል ፈንታ በጠርዙ ላይ ይጥሉ ነበር። እንዲህ ያለ እንቍላል ስለማይታቀፍ አይፈለፈልም። ሰዎቹ አዝነው ወደ ውስጥ እየገፉ አዳኑት፤ እኔም በቦታቸው ብሆን ይህንኑ ባደረግሁ ነበር። ነገር ግን ከዳነው እንቍላል የሚወጡት ሴቶች የእናታቸውን ጠባይ ስለ ወረሱ፤ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ከግማሽ የሚበልጡት እናቶች በጠርዝ የሚጥሉ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። በጠርዝ የተጣለው እንቍላል ሳይፈለፈል ቀረ፤ ጠባዩም ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄደ።