ቧንቧው ጅረት ሲሻገር

በደረስጌ፣ በደባርቅና በዳባት ተዳፋት ከምንጭ ተነሥቶ በስበት ወደ መንደር ቦኖ የሚወርድ የውሃ መስመር ብዙውን ጊዜ ጅረት ሳይሻገር አይደርስም። ክረምት ላይ የሚበጠሰውም እዚያው ነው። የስሜን ጅረቶች ወደ ተከዜ ቁልቁል ስለሚጣደፉ ጎርፋቸው ጉልበተኛ ነው። መጀመሪያ ከቧንቧው ሥር ያለውን ደቃቅ አፈር ይጠርጋል፤ ቀዳዳ ሲያገኝ በጠባቡ መንገድ ፍጥነቱ ይጨምርና ጉድጓዱን ያሰፋል። ቧንቧው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የሚንከባለል ቋጥኝ ሲመታው መጋጠሚያው ይለቃል። 

የተለመደው መድኃኒት በተገለጠው ቧንቧ ላይ ድንጋይ መከመር ነው። አታድርጉት። ክምሩ ውሃውን እንደ ክትር ያዘልለውና ከታች በኩል የባሰ ጉድጓድ ያስቆፍራል።

ሥራው ውሃ በሚጎድልበት ከጥር እስከ ሚያዝያ ይሠራ። መጀመሪያ ቦታ ምረጡ፦ ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት፣ ዳሩ የማይናድበት። ወለሉ ዓለት ከሆነማ እሰየው። ጠመዝማዛውን ሽሹ። ቦረቦሩ ጠባብና ጥልቅ ከሆነ ቁፋሮውን ትታችሁ በብረት ቧንቧ ከጎርፉ ከፍታ በላይ አሻግሩት።

ቀጥሎ ከወለሉ ዝቅተኛ ነጥብ ቢያንስ 1 ሜትር ቆፍሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳሩ ላይ ነው፤ መሐሉን አሳምሮ ይቀብርና ዳር ሲደርስ ቧንቧውን ቀና ያደርገዋል። ጎርፍ ግን በጎንም ይበላል። ያው ጥልቀት በሁለቱም ዳር ጥቂት ሜትር ገብቶ ይቀጥል፤ ቧንቧው ከዚያ ወዲያ ይውጣ።

ወንዙን የሚያቋርጠው ክፍል ብረት ቢሆን ይመረጣል። ጥቁሩ የፕላስቲክ ቧንቧ ከውሃ ስለሚቀል ውሃ ሞልቶትም መንሳፈፍ ይቃጣዋል፤ እሱን ከተጠቀማችሁ በኮንክሪት ሸፍኑት፦ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር። ለ7 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ውሃ አጠጡት። መጋጠሚያ ወንዙ ውስጥ አይዋል።

ስትሞሉ ቧንቧውን የሚነካው አሸዋ ይሁን፤ በላዩ በእጅ የማይነቃነቅ ጥቁር ድንጋይ ጎን ለጎን አጣብቁ። የላይኛው ድንጋይ ከወለሉ እኩል ይሁን፤ ጉብ ካለ ያው ክትር ሆነ። ከቧንቧው ጥቂት ሜትር ዝቅ ብላችሁ ደግሞ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት) ወለሉ ውስጥ ቅበሩ፤ ከታች ወደ ላይ እየተቦረቦረ የሚመጣውን የሚያቆመው እሱ ነው።

ከእያንዳንዱ ትልቅ ጎርፍ ማግስት የውሃ ኮሚቴው አንድ ሰው ልኮ መሻገሪያውን ያስፈትሽ። ቦኖው ላይ ውሃው ከደፈረሰ ወይም ግፊቱ ከቀነሰ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መሻገሪያው ነው። ጎርፉ ሳይጎድል ግን ማንም ወንዝ ውስጥ አይግባ።