ኩፍኝ ሲወጣና ከወጣ በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሐይቅና በአምባሰል እናቶቻችን ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሽፍታው ቶሎ ሲወጣለት እፎይ ይላሉ፤ ሳይወጣ ከቀረ ግን «ወደ ውስጥ ገባበት» ብለው ይሠጋሉ። እኛ ተማሪዎች ይህን ስንሰማ እንስቅ ነበር። ትምህርቱን ስናገኘው ግን ሣቃችንን መለስን።

የኩፍኝ ቫይረስ በትንፋሽ ገብቶ አሥር ቀን ያህል ድምፅ ሳያሰማ ይራባል። ከዚያ ትኩሳት፥ ሳልና የዓይን መቅላት ይመጣል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽፍታው ይታያል። ሽፍታው ግን የቫይረሱ ሥራ ብቻ አይደለም። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በቆዳ ውስጥ በቫይረሱ የተያዙትን ሴሎች ፈልገው ሲገድሉ የሚፈጠር ቁጣ ነው። ቲ ሴላቸው እጅግ የደከመ ሕሙማን ኩፍኝ ይዟቸው ሽፍታ ላይወጣባቸው ይችላል፤ ሳንባቸው ግን በጽኑ ይጎዳል። በአንጻሩ አንቲቦዲ ማምረት የማይችሉ ልጆች ከኩፍኝ ሲድኑ ታይተዋል። እንግዲህ የእናቶቻችን ሥጋት ከንቱ አልነበረም።

ነገሩ የሚከፋው ከዚህ በኋላ ነው። ቫይረሱ የሚገባበት በር በራሳቸው በመከላከያ ሴሎች ላይ ይገኛል፤ ይልቁንም የቀድሞ በሽታዎችን በሚያስታውሱት ቲና ቢ ሴሎች ላይ። ስለዚህ ቲ ሴሎች ቫይረሱን ለማጥፋት ሲሉ የተያዙ ወንድሞቻቸውን ጭምር ይገድላሉ። የሐይቅ እስጢፋኖስን ዕቃ ቤት አስቡ፤ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን የደረሰው ጠባቂ ስለ ነበረው ነው። ኩፍኝ ግን ከመጻሕፍቱ ብዙውን ያቃጥልና ስለ ራሱ ብቻ የሚናገር አንድ መጽሐፍ ትቶ ይሄዳል። ልጁን ኩፍኝ ዳግመኛ አይዘውም፤ ቀድሞ ያሸነፈው ሌላ በሽታ ግን እንደ አዲስ ሊጥለው ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ያልተከተቡ የሆላንድ ልጆች ከኩፍኝ በኋላ ከነበሯቸው አንቲቦዲዎች ከ11 እስከ 73 በመቶ አጥተው ተገኝተዋል።

ረሃብ ሲጨመርበትማ! በ1977 ዓ.ም. በወሎ መጠለያዎች ኩፍኝ ብዙ ሕፃናት ቀጥፏል። በ1992 ዓ.ም. በጎዴ በተደረገ ጥናትም ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ሆነው ከሞቱት 159 ሕፃናት በ35ቱ ሞት ኩፍኝ እጁ ነበረበት።

ክትባቱ የተዳከመ ቫይረስ ነው፤ ቲ ሴሎችን ያስተምራል እንጂ መዝገባቸውን አያጠፋም። በአገራችን በ9 ወር ይሰጣል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ሁለተኛው በ15 ወር ተጨምሯል።

«ኩፍኝ የወጣበት መርፌ አይነካውም» ተብሎ ልጅ በጨለማ ቤት ተሸፍኖ ብናገኝ ወላጆቹን በትሕትና እናስረዳ፤ በጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ተከታትሎ የሚሰጠው ቪታሚን ኤ ዓይኑንም ነፍሱንም ሊያተርፍ ይችላል። «ዳነ» የተባለው ልጅም ከወር በኋላ ተቅማጥ ወይም ሳል ቢጀምረው፥ ለጤና ባለሙያው ኩፍኝ ይዞት እንደ ነበር አስቀድመን እንንገር።