የእጅ ሰዓት አያያዝ፤ ለሻጭም ለገዢም የሚጠቅም ትምህርት

ጥሩ የእጅ ሰዓት የገዛ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነው፤ ጥበቃው ግን የየዕለቱ ተግባር ነው። ሰዓቱ በሠለጠኑ እጆች የተሠራ ቢሆንም፥ ዕድሜው የሚረዝመው ወይም የሚያጥረው በባለቤቱ አያያዝ ነው። ስለዚህ ሰዓት የሚያስመጣ፥ የሚሸጥና የሚያስር ሰው ሁሉ የዕቃውን ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል። ይልቁንም እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ከተማ ለሚነግድ ሰው ይህ ዕውቀት እጥፍ ጥቅም አለው፤ አገሩ ብርዳም ነው፤ የሰዓቱና የቀኑ አቈጣጠርም ሰዓቱ ከተሠራበት አገር አቈጣጠር የተለየ ነው።

ለምሳሌ አንድ የእህል ነጋዴ ከአንድ ባለሱቅ ቀን የሚያሳይ ጥሩ ሰዓት ገዛ ይባል። ጳጉሜን አልቃ መስከረም ሊጠባ ሲል፥ በዋዜማው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ፥ ነጋዴው አዲሱን ዓመት በትክክለኛ ቀን ለመጀመር አስቦ መሙያውን ስቦ ቀኑን ያዞራል። በዚያው ቅጽበት በውስጡ ያለች አንዲት ትንሽ ጥርስ ትሰበራለች። ከበዓሉ በኋላ ወደ ሱቁ ሄዶ «ሐሰተኛ ሰዓት ሸጠህልኛል» ይላል፤ ባለሱቁም «እርስዎ ነዎት ያበላሹት» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነተኛ የሆኑ ይመስላቸዋል። ሰዓቱ ግን ደኅና ነበረ፤ የጐደለው በሽያጩ ጊዜ ሊነገር ይገባ የነበረው የጥቂት ደቂቃ ምክር ነው።

ሰዓቱ እንዴት እንደሚሠራ

ባትሪ የሌለው ሰዓት ኀይሉን የሚያገኘው በውስጡ ተጠቅልሎ ከሚቀመጥ ቀጭን የብረት ሞላ ነው። መሙያው ሲጠመዘዝ ሞላው ይጠብቃል፤ ከዚያም በዝግታ እየተፈታ ጥርስ ያላቸውን መንኮራኩሮች ያዞራል። የመንኮራኩሮቹን ሩጫ የሚገታውና የሚመጥነው ባላንስ የሚባለው፥ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ትንሽ ክብ ነው። በብዙ የቀድሞ ሰዓቶች ባላንሱ በሰኮንድ 5 ጊዜ ይመታል፤ ይህም በሰዓት 18,000፥ በቀን 432,000 ምት ይሆናል። በዓመት ሲደመር ከ157 ሚሊዮን ይበልጣል። ከአንዲት ጠብታ በማትበልጥ ዘይት ይህን ያህል ሥራ ለሚሠራ ዕቃ ጥቂት ጥንቃቄ አይበዛበትም።

በገጹ ላይ «17 ዕንቍ» ተብሎ የሚጻፈውም ለጌጥ አይደለም። ዕንቍዎቹ የመንኮራኩሮቹ ዘንጎች የሚሽከረከሩባቸው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ሩቢዎች ናቸው፤ ሰበቃን ይቀንሳሉ፤ መበላትንም ይከላከላሉ። ለተራ በእጅ ለሚሞላ ሰዓት 17 በቂ ነው። ስለዚህ ባለሱቅ የዕንቍ ቍጥር በበዛ መጠን ሰዓቱ ይሻላል ብሎ ለገዢው ሊነግረው አይገባም።

ስለ አሞላል

በእጅ የሚሞላ ሰዓት በየቀኑ በተወሰነ ጊዜ፥ ይልቁንም ጧት ሱቅ ከመከፈቱ በፊት ይሞላ። አንድ ጊዜ የተሞላ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ነገር ግን ሞላው እየላላ ሲመጣ የባላንሱ ምት ይደክማል፤ ትክክለኛነቱም ይቀንሳል። የጧት መሙላት የሚመረጠው፥ ሰዓቱ በቀን ለሚደርስበት መናወጥ ሙሉ ኀይል ይዞ እንዲገኝ ነው።

ሰዓቱ የሚሞላው ከእጅ ወልቆ ነው። እጅ ላይ እንዳለ ሲሞላ መሙያው ወደ ጐን ስለሚገፋ ዘንጉ ሊጣመም ይችላል። ጣት መቋቋም ሲሰማው ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ «ትንሽ ልጨምር» ማለት ጕዳት ነው።

ራሱን በራሱ የሚሞላ አውቶማቲክ ሰዓት ግን የሚሞላው በእጅ እንቅስቃሴ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛ የማይነሣ ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ያዥ ሰዓቱ ሌሊት ቢቆምበት ሊገረም አይገባውም። ቆሞ የተገኘ አውቶማቲክ ሰዓት እንደ ገና ከመታሰሩ በፊት በመሙያው ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ቢጠመዘዝ መልካም ነው።

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን አቈጣጠር

የኢትዮጵያ ሰዓት ከንጋት ጀምሮ ሲቈጠር የውጭው ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፤ ልዩነቱም 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ሰዓቱን በውጭ አቈጣጠር አስተካክሎ በተቃራኒው በኩል ያለውን ቍጥር ያነባል፤ አጭሩ ቆጣሪ 9 ላይ ሲሆን ፊት ለፊቱ ያለውን 3 አይቶ «ሦስት ሰዓት» ይላል። ሌላው ደግሞ በቀጥታ በአገር አቈጣጠር ያስተካክላል። ሁለቱም ልማድ ነው፤ ለመኪናው አይጐዳም። ነገር ግን ሰዓቱ ቀን የሚያሳይ ከሆነ ልዩነቱን ማወቅ ግድ ይሆናል።

የቀኑ ቍጥር የሚለወጠው አጭሩ ቆጣሪ ከሁለት ዙር በአንዱ በ12 ላይ ሲያልፍ ነው። ለውጡ ግን ቀደም ብሎ ይዘጋጃል፤ ቆጣሪው ከ9 ተነሥቶ በ12 አልፎ 3 እስኪደርስ ድረስ ቀን የሚያዞሩት ጥርሶች እርስ በርስ ተያይዘው ሊገኙ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ቀኑን በመሙያው ማዞር ጥርስ ይሰብራል። ሰዓቱ በውጭ አቈጣጠር የታሰረ ከሆነ አደገኛው ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በአገር አቈጣጠር ተስተካክሎ ቀኑ ሲነጋ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ነው። የእህል ነጋዴው ሰዓት በውጭ አቈጣጠር የታሰረ ስለ ነበረ፥ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቀኑን ማዞሩ በአደጋው መካከል መግባት ነበረ።

ይህን ሁሉ ለማስታወስ የሚቸግረው ሰው አንድ ቀላል ደንብ ይያዝ፤ አጭሩ ቆጣሪ 6 ላይ ሲሆን በየትኛውም አቈጣጠር ከቀን ለውጥ እኩል ስለሚርቅ ቀኑን ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቆጣሪው ወደ ፊት እየዞረ 6 ላይ ይቁም፤ ቀጥሎ የትናንቱ ቀን ይደረግ፤ ከዚያም የዛሬው ቀን ብቅ እስኪል ድረስ ቆጣሪዎቹ ወደ ፊት ይዙሩ። በመጨረሻ ሰዓቱ ይስተካከል፤ ከቀን ለውጥ በኋላ 12 ሰዓት ያለፈ ከሆነ ግን ቆጣሪው በ12 ላይ አንድ ጊዜ ደግሞ ይለፍ።

ይህ ደንብ ከሌላው አገር ይልቅ በኢትዮጵያ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የሰዓቱ የቀን ሰሌዳ 31 ቍጥሮች አሉት። በአውሮፓ አቈጣጠር የሚጠቀም ሰው በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ያርመዋል። በኢትዮጵያ ግን 12ቱም ወራት 30 ቀን ስለሆኑ በየወሩ መባቻ 31ን ዘልሎ ወደ 1 ማሳለፍ ያስፈልጋል። ጳጉሜንም 5 ቀን ስትሆን፥ በመስከረም 1 ሰዓቱ 6ን ስለሚያሳይ ወደ 1 ለመድረስ 26 ጊዜ መራመድ አለበት፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን 25 ጊዜ ይሆናል። በድምሩ በዓመት 13 ጊዜ እጅ ይነካዋል ማለት ነው። እጅ በበዛበት ቦታ ስሕተትም ይበዛል።

ውድነት ከዚህ ጣጣ አያድንም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954፥ ስዊዘርላንድን በጐበኙ ጊዜ እንደ ተበረከተላቸው የሚነገረው የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት የወራቱን ርዝመት ራሱ እያወቀ ቀን የሚለውጥ ነው። ይሁን እንጂ የሚያውቀው የአውሮፓን ወራት ነው፤ ጳጉሜን የምትባል ወር በመንኮራኩሮቹ ውስጥ የለችም።

ስለ ብርድ፥ ስለ ውሃና ስለ አቧራ

ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ከዚያ ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፥ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ ነጋዴ በጥቂት ሰዓት ጕዞ ውስጥ 1,300 ሜትር ወደሚጠጋ ከፍታና ወደ ቆላ ሙቀት ይገባል። ዘይት በብርድ ይወፍራል፤ በሙቀት ይቀጥናል፤ የባላንሱም ጥምጥም ሽቦ በሙቀት ይለዋወጣል። በ1920 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ያገኘው ስዊሳዊው ሻርል ኤድዋር ጊዮም በሙቀትና በብርድ እምብዛም የማይለዋወጥ የብረትና የኒኬል ቅይጥ ስላስገኘ፥ የዛሬ ጥሩ ሰዓት ይህን ችግር በብዙው ይችላል። የስዊስ የክሮኖሜትር ፈተናም ሰዓቶችን በ8፥ በ23 እና በ38 ዲግሪ ሙቀት ይመረምራል፤ የሚያልፈውም በአማካይ በቀን ከ4 ሰኮንድ በላይ የማይዘገይና ከ6 ሰኮንድ በላይ የማይፈጥን ነው። አንድ ቀን 86,400 ሰኮንድ ስለሆነ፥ ተራ ሰዓት በቀን 10 ሰኮንድ ቢሳሳት የሚያስወቅሰው አይደለም።

በእጅ ላይ ያለ ሰዓት በገላ ሙቀት ይጠበቃል። ሌሊት ከወለቀ በኋላ ግን በመስኮት ደፍ ወይም በድንጋይ ግድግዳ ላይ አይቀመጥ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእንጨት ሣጥን ይደር። መስተዋቱ በውስጥ በኩል ጉም ከያዘ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ይህን ከምድጃ አጠገብ አድርቆ እንደ ዳነ መቍጠር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ዝገት ፈጥኖ ስለሚጀምር በዚያው ቀን ወደ ሰዓት ሠሪ ይሂድ።

በጀርባው «30 ሜትር» የሚል ጽሕፈት ያለው ሰዓትም ለዋና የተፈቀደ አይደለም። ቍጥሩ በፋብሪካ የተደረገን የግፊት ፈተና የሚያመለክት ሲሆን፥ በተግባር የሚችለው የእጅ መታጠቢያን ፍንጣቂና ጥቂት ዝናብን ነው። ውሃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት በጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ በሙቅ ውሃና በእንፋሎት ደግሞ ፈጥኖ ይበላሻል። መሙያው ተስቦ ከቀረ ውሃም አቧራም በቀላሉ ይገባል፤ በወፍጮ ቤትና በእህል መጋዘን የሚውል ሰው መሙያው በሚገባ መገፋቱን ደጋግሞ ይመልከት።

ስለ ማግኔት

ደኅና ሲሄድ የነበረ ሰዓት በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መፍጠን ከጀመረ፥ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ማግኔት ነው። የባላንሱ ጥምጥም ሽቦ በማግኔት ሲያዝ ክሮቹ እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ሽቦው ያጠረ ያህል ይሆናል። የራዲዮ ድምፅ ማጉያ፥ ተንቀሳቃሽ ስልክ፥ የኤሌክትሪክ ሞተርና በማግኔት የሚዘጋ ቦርሳ ሁሉ ይህን ያደርጋሉ። ሰዓት ሠሪው ማግኔቱን በልዩ መሣሪያ በጥቂት ደቂቃ ያወጣዋል፤ ሰዓቱን መፍታት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ይህን የማያውቅ ደንበኛ ግን የሙሉ ዕድሳት ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

ስለ ዕድሳት

ሰዓት ደኅና ቢሄድም በየ4 ወይም በየ5 ዓመቱ ተፈትቶ፥ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ መመለስ አለበት። ዘይቱ ሲደርቅ ብረት ብረትን ይበላል፤ ባለቤቱም የሚያውቀው ሰዓቱ ከቆመ በኋላ ነው። የስፌት መኪና ዘይት በሰዓት ውስጥ የሚያንጠባጥብ ሠሪ ለጥቂት ወራት ያስኬደዋል፤ በኋላ ግን ዘይቱ ተስፋፍቶ አቧራ ይሰበስባል፤ ጕዳቱም ከመጀመሪያው የከፋ ይሆናል። አስተዋይ ባለቤት የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳዩት ይጠይቃል።

ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች

1ኛ፤ በመደርደሪያ ላይ ያለ ሰዓት ባይሠራም ዘይቱ ይደርቃል። ስለዚህ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጥ፤ የሚቆየውም አልፎ አልፎ ይሞላ።

2ኛ፤ ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት መስኮት ሰዓት አይደርደር፤ ገጹ ይደበዝዛል፤ የቆዳ ማሰሪያውም ይሰነጠቃል።

3ኛ፤ በደረሰኙ ላይ የሰዓቱ ስምና ተራ ቍጥር ይጻፍ። ከላይ የተነሣው የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት በ2010 ዓ.ም. በጄኔቫ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል፥ በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ከጨረታው ወጥቷል። ስመ ጥር ሰዓት እንኳ እንዲህ ካጋጠመው፥ በሱቅ የሚሸጠው ሰዓት ያለ ወረቀት ሊሄድ አይገባውም።

4ኛ፤ ከሰዓቱ ጋር በአማርኛ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ ለገዢው ይሰጥ፤ «ጧት ሙላ፤ አውልቀህ ሙላ፤ ቀን የምትለውጠው ቆጣሪው 6 ላይ ሲሆን ነው፤ ከውሃና ከማግኔት አርቅ፤ በ5 ዓመት ውስጥ አሳድስ።» ማስታወሻው በአንዲት ትንሽ ወረቀት ያልቃል፤ ለማሳተምም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ያ የእህል ነጋዴ ይህች ወረቀት በኪሱ ብትኖር ኖሮ፥ በዋዜማው ምሽት ቆጣሪውን ወደ 6 አዙሮ ቀኑን በሰላም ያስተካክል ነበረ፤ ባለሱቁም ደንበኛውን አያጣም ነበረ። የተሰበረች ጥርስ በሌላ ትተካለች፤ በገበያ መካከል «አታለለኝ» የተባለ ስም ግን ሰዓት ሠሪ የሚጠግነው አይደለም። ስለዚህ ሰዓት የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ከነአያያዙ ይሽጥ።